ነውር የሌለበት ዜማ

በርገን፣ ኖርዌይ
ኅዳር 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለመሪጌታ አዝመራው፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? እትዬ አሰለችስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ፣ ያሳደገኝ የላሊበላ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እዚህ ዝናቡ ክረምትና በጋ ሳይለይ ይወርዳል፤ ከዚያ በቀር የሚያስከፋኝ ነገር የለም። አይ፣ አንድ ነገር አለ። ስልክ አያነሡም።

ደውዬ ደውዬ ሰለቸኝ። ሲነሣም የሚያነሡት እትዬ አሰለች ናቸው፤ «ቤተ ክርስቲያን ሄዷል» ይሉኛል። ጠዋትም ቤተ ክርስቲያን፣ ማታም ቤተ ክርስቲያን። ቄሰ ገበዙም እንዲህ የሚውሉበት አይመስለኝም። ስለዚህ በደብዳቤ መጣሁ። ይህን ወረቀት ፎቶ አንሥቼ ለአስጎብኚው ለምሥጋናው ልኬለታለሁ፤ አሳትሞ ያመጣልዎታል፣ የእርስዎንም መልስ እንደዚሁ ይልክልኛል።

እንደሚያውቁት የምሠራው በሆስፒታል የሳንባ ክፍል ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ነርስነቴ ለምርምር ሆኗል። የምናጠናው ኮሮና ክፉኛ የጣላቸውን፣ እንደ እርስዎ ጉሮሯቸው ውስጥ ቱቦ ገብቶ በመሣሪያ ሲተነፍሱ ቆይተው የተረፉትን ሰዎች ነው። በሽታው ሲሄድ ጓዙን ሁሉ ጠቅልሎ አይሄድም። በአንዱ ሳንባ ላይ ጠባሳ ይተዋል፣ የሌላውን ደም ያረጋል። ቱቦው ያቆሰለው የአየር ቧንቧ ደግሞ ሲሽር እየጠበበ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ክፉው ይሄ ነው። ሰውየው «አስም ነው» ተብሎ መድኃኒት ሲነፋ ይከርምና አንድ ቀን ይታፈናል። አየር ሲስብ የሚያሰማው ድምፅ ግን የተለየ ነው። ለዚህ ብለን ከብዙ አገር ድምፅ እንሰበስባለን።

ሌላው ሰው ጽሑፍ ያነብልናል። እርስዎን የምለምንዎት ግን ዜማ ነው። ልጅ ሳለሁ አንዱን ሐረግ በአንድ ትንፋሽ ሲያወርዱት፣ እኔና አብሮ አደጌ የአብስራ ከእርስዎ ጋር ትንፋሻችንን ይዘን እንፎካከር ነበር። ሁልጊዜ የምንሸነፈው እኛ ነን። ምሥጋናው ትንሽ በስልኩ ይቅዳልኝ። ባስቸግርዎትም ይቅር ይበሉኝ።

እጅዎን እስማለሁ።
የእኅትዎ ልጅ ውባንቺ


ላሊበላ
ኅዳር 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለወለተ ሥላሴ ልጅ ለውባንቺ፤

የማይለወጠው የእግዚአብሔር ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። ውቅሮቹን ያቆመ ጻድቅ በሰው አገር ጥላ ከለላ ይሁንሽ። እኔና አሰለች ደህና ነን። እኽሉ ገብቷል፤ ውርጭ ጥቂት ባቄላ ነካብን እንጂ ሌላው ይመስገን።

ስልክ አልወድም። ስልክ ሥራ ለፈታ ሰው ነው።

ስለ ምርምሩ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብሁት። ባልወልድሽም አሳድጌሻለሁና ቁጣዬን አልደብቅሽም። ያኔ አዲስ አበባ ወድቄ ሳለሁ፣ በነቃሁ ቁጥር ደሜን የሚቀዳ አዲስ ልጅ ከራስጌዬ አገኝ ነበር። አፌ በቱቦ ተዘግቷልና በእጄ «ለምን?» ብዬ ስጠይቅ «ለምርምር ነው አባቴ» ይሉኛል። ሲወስዱ አየሁ፤ ያገኙትን ይዞ የተመለሰ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። በግ ሊገዛ የመጣ ነጋዴ እንኳ ጥርሱን ገልጦ ካየ በኋላ «አርጅቷል» ወይም «ደህና ነው» ይላል። እኔን ጥርሴን አይተው ዝም ብለው ሄዱ። አሁን ደግሞ ደሜ አልበቃ ብሎ ድምፄ ተፈለገ።

ይሁንና የለመንሽኝ አንቺ ነሽ፤ የእኅቴን ልጅ ባዶ እጇን አልመልስም። ምሥጋናው ቀድቶ ይልክልሻል።

እኔም አንድ ነገር ልለምንሽ። ያ በአፍ የሚነፋው ሰማያዊ የአስም መድኃኒት እዚህ ጠፍቷል። የሚመጣ ሰው ስታገኚ ላኪልኝ። ለጎረቤት ነው።

ጸሎቴ ከአንቺ ጋር ነው።
አጎትሽ መሪጌታ አዝመራው


በርገን
ታኅሣሥ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ፤

ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርስዎ። ዜማው ደረሰኝ። ስሰማው አለቀስሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼም ዙሪያዬን ተሰብስበው ሰሙት። ሲያልቅ አጨበጨቡ። ድምፅዎ ያው ነው፣ እንዲያውም የወጣት ሆኗል። ያ ሁሉ ትንፋሽ! አለቃዬን «ይህ ሰው ከሞት አፋፍ የተመለሰ ነው» ብላት አላመነችኝም።

ከዜማው ጀርባ ግን አንድ የሚያናድድ ድምፅ ነበረበት። አንድ ሰው እርጥብ እንጨት በመጋዝ የሚቆርጥ ይመስላል። አጠገባችሁ ሆቴል ይሠራል መሰለኝ። ኮምፒዩተሩ እንዲህ ያለውን ጫጫታ ለይቶ ያወጣልና ቆርጬ ጣልሁት፤ አሁን ዜማው ብቻውን ጥርት ብሎ ይሰማል።

እንግዲህ ከስምዎ ፊት «ድኗል» ብዬ ጽፌያለሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከፋሲካ በኋላ ከእኛ ሆስፒታል የጉሮሮ ሐኪሞች ቡድን አዲስ አበባ ይመጣል፤ የአየር ቧንቧቸው ለጠበበባቸው ሰዎች የማስፋት ሕክምና ይደረግላቸዋል። ቦታው ጥቂት፣ ታማሚው ብዙ ነው። እርስዎ ከዚያ ወረፋ ውስጥ ስላልገቡ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

መድኃኒቱን ለበዓል ወደ ላሊበላ በምትመጣ ሴት ልኬያለሁ። ለጎረቤትዎ ግን ሐኪም ያሳዩት ይበሏቸው፤ በዘፈቀደ የሚነፋ ነገር አይደለም። ለመሆኑ ጎረቤትዎ ማን ናቸው?

ልጅዎ ውባንቺ


ላሊበላ
ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለውባንቺ፤

ከልደቱ በረከት፣ ከጥምቀቱም ጸበል ያካፍልሽ። መድኃኒቱ ደርሷል። አልበቃም። ብታገኚ እጥፉን ላኪ።

አጨበጨቡ ብለሽ የጻፍሽው አንጀቴን አሳረረው። እኔ አዝማሪ ነኝ? ዜማ ቢሮ ውስጥ፣ ሰው ሻዩን እየጠጣ የሚሰማው ነገር ነው? ለሐኪም ይጠቅማል ብለሽ ብትለምኚኝ ሰጠሁሽ፤ ለጨዋታ አልሰጠሁሽም። ሁለተኛ እንዳይለምድሽ።

በገና በዓል ቤዛ ኩሉ ለማዜም ማሜ ጋራ ላይ አልወጣሁም። ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ከታች ከከበሮው አጠገብ ቆሜ አሳለፍሁት። ከላይ ሆኖ የመራው ወልደ ኪዳን ነው። ትዝ ካለሽ፣ ልጅ ሆኖ መጥቶ እኔ ዘንድ የተማረው ነው፤ አሁን እሱም ጢሙን ሽበት ጀምሮታል። ደህና አድርጎ መራ፤ እንግዳው ሁሉ መሪጌታው እሱ መሰለው።

አንድ ነገር። እነዚያ ጉሮሮ የሚያሰፉት ሐኪሞች ሲመጡ ለአንድ ሰው ቦታ ያዢልኝ። ስሙን ኋላ እነግርሻለሁ። ጎረቤቴ ማን እንደሆነም አትጠይቂኝ፤ ነርስ እንጂ ዳኛ አይደለሽም።

አጎትሽ መሪጌታ አዝመራው

(በወረቀቱ ጀርባ፣ በምሥጋናው እጅ)

ውቤ፣ ይህን የማጽፈው እኔ አሰለች ነኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖብኝ ነው እንጂ እስከ ዛሬ ዝም ማለት አልነበረብኝም። ያ መድኃኒቱን የሚነፋው ጎረቤት የሚተኛው እኔ አልጋ ላይ ነው። መተኛትስ ከተባለ ነው፤ ከተጋደመ ይታፈናል። ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ያድራል፣ እኔም አብሬው ቁጭ ብዬ አድራለሁ። ስልክ የማያነሣው ድምፁን እንዳትሰሚው ነው። የነገርሁሽ እኔ መሆኔን ካወቀ ያኮርፈኛል። ያኩርፍ።


በርገን
ጥር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

አጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ ብዬ አልጠይቅም። እንዴት እንደሰነበቱ አውቄያለሁ።

ያላጠራሁትን የመጀመሪያውን ቅጂ አውጥቼ ደግሜ ሰማሁት። ጆሮ ካለኝ መጀመሪያውኑ መስማት ነበረብኝ። ዜመኛው ሲያርፍ መጋዙ አያርፍም። ዜመኛው ትንፋሽ ሲወስድ መጋዙ በራሱ ጊዜ ይስባል። በዚያ ቤት ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ያዜማል፣ አንዱ አጠገቡ ተቀምጦ አየር ያንሰዋል። ያዜመው ወልደ ኪዳን ነው አይደል? የወጣት ድምፅ ሆኗል ብዬ ስደሰት ምን ብለው ሳቁብኝ?

ምን እንዳደረጉኝ ያውቃሉ? እርስዎን ብዬ የጻፍሁት የወልደ ኪዳንን ጤና ነው። «ድኗል» ብዬ በገዛ እጄ ከወረፋው አስወጣሁዎት። ሐኪሞቹ የሚያዩአቸው ሰዎች ስም ዝርዝር ባለፈው ሳምንት ተዘግቷል። በእርስዎ ቦታ ሌላ ሰው ገብቷል። አሁን ሄጄ አለቃዬን «አጎቴ የሌላ ሰው ድምፅ ሰጥቶኝ ነው» ልበላት? ሥራዬን ብቻ አይደለም ያዋረዱት። ራስዎን ነው ሊገድሉ የተነሡት።

ያ ሰማያዊ መድኃኒት ለጠበበ ቧንቧ አይሠራም። ጠባሳን አያሰፋም። አንድ ክፉ ጉንፋን፣ አንድ የአክታ ጉርሻ ሊዘጋው ይችላል፤ ከላሊበላ ተነሥተው ጋሸና ሳይደርሱ ያልቃል ነገሩ። እርስዎ ደግሞ «ጎረቤት» ይሉኛል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት የሰማሁት ከማን ነው? ከእርስዎ ነው።

አሁን የምለው አንድ ነው። ወልደ ኪዳን ይውጣ፣ ዜማው ይቅር፣ ስልኩን ደረትዎ ላይ አድርገው ይተንፍሱ። ዛሬውኑ።

ውባንቺ


ላሊበላ
መጋቢት 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለወለተ ሥላሴ ልጅ ለውባንቺ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሰላምታ ነፍገሽ ለጻፍሽልኝ ሰላምታ እጽፋለሁ፤ ያደግሁበት ወግ ይህ ነው። ወረቀትሽን አራት ጊዜ ቀደደው ቢሉሽ ውሸት ነው፤ የቀደድሁት አንዴ ነው፣ ምሥጋናውም ሌላ አሳተመልኝ። የዘገየሁት ስለተናደድሁ ነው። ነገር አቀባዩም ማን እንደሆነ አውቄያለሁ። አኮርፌያት ነበር። ምሳዬን አልበላም ብዬ የተራብሁት እኔው ሆንሁ።

ሳቁብኝ ወይ አልሽኝ። አልሳቅሁም። ስሚኝ። ለመሥዋዕት የሚቀርበው ነውር የሌለበት ጠቦት ነው፤ አንካሳውንና ዕውሩን ወደ መቅደስ የሚነዳ የለም። ዜማም መሥዋዕት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር የኖርሁትን፣ በተሰነጠቀ ጉሮሮ ቆራርጬ፣ ዜማችን ይህ ነው ብዬ ለማያውቀው ሰው ልስደድ? መምህር ሲደክም ተማሪው ያዜምለታል። የማን ዜማ ነው ቢባል የመምህሩ ነው ይባላል። እኛ ዘንድ ይህን ውሸት የሚለው የለም። እኔም ውሸት አልመሰለኝም ነበር።

አንቺ ግን እኔን ስትቆጪ ራስሽን ረስተሻል። ከወልደ ኪዳን አጠገብ የተቀመጥሁት ቢስት ላርመው ነው። ሳላውቀው ትንፋሼ ባሕር ተሻግሮ ጆሮሽ ገባ። ሰማሽኝ፣ ውባንቺ። ሰማሽኝና መጋዝ አልሽኝ። ቆርጠሽም ጣልሽኝ። እናትሽ ነፍሷን ይማርና፣ እሷ ብትሆን ሳሌን ከግድግዳ ማዶ ትለየው ነበር። ያ ሁሉ ትምህርት፣ ያ ሁሉ ኮምፒዩተር የአጎትሽን ትንፋሽ ከእንጨት ካልለየ ምን ያደርጋል? የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሉ ነበር፤ በሳንባ ሐኪም ቤት ልጅ አለችኝ እያልሁ አየር አጣሁ።

በገና ከከበሮው ጀርባ ተሸሸግሁ። አሁን ጾም ነው፤ ከበሮውም ጸናጽሉም ተሰቅሏል፣ መሸሸጊያ የለኝም። ትናንት መጻጉዕ ነበር። ቄሱ ወንጌሉን ሲያነቡ፣ ያ ድውይ ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደኝ ሰው የለኝም፣ ሌላው ቀድሞኝ ይወርዳል ያለው ቦታ ላይ ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ የሚሰማው የእኔ ጉሮሮ ብቻ ሆነ። ሰው ዞሮ አየኝ። አንዲት ሴት ኮሮናው የተመለሰ መስሏት ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች። በገዛ ደብሬ፣ በገዛ ተማሪዎቼ ፊት።

ሌላው ቀድሞኝ የወረደው በእኔ ኩራት ይሁን ባንቺ ጆሮ፣ አንቺው ፍረጂ። እኔ የምልከው ድምፅ የለኝም።

አጎትሽ አዝመራው


በርገን
መጋቢት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለመሪጌታ አዝመራው፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ ለእትዬ አሰለችም ለቤቱም ሁሉ። ባለፈው ያስቀረሁትን ሰላምታ ጨምረው ይቀበሉኝ።

በንዴት ነው የምጽፈው፤ ግማሹ በእርስዎ፣ ግማሹ በራሴ። ልክ ነዎት፣ ሰምቼ ጥዬዎታለሁ። ይህን ከአሁን ወዲያ ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም፤ በየቀኑ ራሴን እነግረዋለሁና።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ በስብሰባ መካከል ተነሥቼ ያለውን ሁሉ ተናገርሁ። ያልተጠራውን ቅጂም ከፈትሁላቸው። አለቃዬ ፊቷ ተለዋወጠ። የድምፅ ምርመራው ከእጄ ወጥቷል፤ ሌላ ሰው ተተክቷል። አልፈርድባቸውም፣ ግን አንገቴን ደፍቼ ነው የምውለው። ከዚያ አንድ ሽማግሌ የጉሮሮ ሐኪም «ዝም በሉ» አለንና ጠጋ ብሎ ሰማ። ዜማውን አይደለም የሰማው። መጋዙን ነው። «ይህ ሰው የሚተነፍሰው በእስክሪብቶ ቀፎ በሚያህል ቀዳዳ ነው። ለምንድነው ስሙ እኛ ዘንድ የሌለው?» ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

አንድ ቦታ በግድ ተገኝቷል። ነገር ግን አንዴ ሐሰት ስላቀረብሁ በቃሌ ብቻ አያምኑኝም፤ እውነተኛው የእርስዎ ድምፅ መጋቢት ሳያልቅ ካልደረሳቸው ቦታው ለሌላ ያልፋል። ሐኪሞቹ አዲስ አበባ የሚገቡት በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት ነው።

አጎቴ፣ እኔ መሥዋዕት አልለመንሁዎትም። ጠቦቱን ለመቅደሱ ያቆዩት። ለእኛ ነውር ያለበትን ይላኩልን፤ የሚፈለገው ነውሩ ነው። እንቢ ካሉም እንቢ ይበሉ፤ እኔ ሩቅ ነኝ፣ እችለዋለሁ። ግን እንቢታዎን ለእኔ አይጻፉት። አጠገብዎ ቁጭ ብለው ለሚያድሩት ለእትዬ አሰለች በአፍዎ ይንገሯቸው።

ልጅዎ ውባንቺ


ላሊበላ
መጋቢት 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለውባንቺ፤

ጾሙን አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሰን። ቁጣዬ አልበረደም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ። ደረጃሽን ዝቅ ባደረጉት ሰዎችም ተቆጥቻለሁ፤ የእኔን ጥፋት አንቺ ላይ መቁጠራቸው ደግ አይደለም።

እንዳልሽው ለአሰለች እንቢታዬን ልነግራት አስቤ ነበር። ምስር እየለቀመች ሳለ በጠራራ ፀሐይ ድካም ጣላት፤ ሰፌዱን እንደያዘች አንቀላፋች፣ ምስሩም ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። እሷ ሰው ፊት የምታንቀላፋ ሴት አልነበረችም። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኋት። እንቢታዬን ትቼ የፈሰሰውን ምስር ለቀምሁላት።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ተማሪዎቼን ሰበሰብሁ። ወልደ ኪዳን እንደለመደው ሊጀምር ሲል በመቋሚያዬ ዝም አሰኘሁትና ራሴ አነሣሁት። ያን አንቺና የአብስራ ትፎካከሩበት የነበረውን ሐረግ ነው ያነሣሁት። ቀድሞ በአንድ ትንፋሽ የማወርደውን በስድስት ቆራረጥሁት። መካከል ላይ ትንፋሼ ጭራሽ ጠፋብኝ፤ ግድግዳውን ይዤ ቆሜ እስኪመለስልኝ ጠበቅሁ። የሳቀ የለም። ወልደ ኪዳን ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ሲያልቅ ግን፣ «የኔታ፣ ሁለተኛው ማረፊያ ላይ እኔ ሁልጊዜ አፈጥናለሁ፤ እርስዎ ግን ታፍነውም አላፈጠኑትም» አለኝ። እስካሁን ያልታረመው ትናንት ታረመ። ምሥጋናው ስልኩን ደረቴ ሥር ይዞ ሁሉንም ቀድቶታል።

ከዳግማይ ትንሣኤ በፊት በጋሸና አድርገን እንነሣለን። አሰለች በሶውን አዘጋጅታ ጨርሳለች፤ አንዴ ከተነሣች የሚመልሳት የለም። ለሐኪሞቹ አንድ ነገር ጻፊልኝ። ጉሮሮዬን ሲያዩ ያዩትን ለእኔም ይንገሩኝ፤ የሚድን ከሆነም የማይድን ከሆነም በቋንቋዬ ይንገሩኝ። ጥርሴን አይተው ዝም ብለው እንዳይሄዱ።

ድምፁን አሁን የሚያዳምጠው አንቺ አይደለሽም ብለሻል። ለተተካው ሰው አደራዬን አድርሺ። ቅጂው ውስጥ የሚፋጭ፣ የሚያፏጭ፣ የሚቋረጥ ነገር ይሰማዋል፤ ዜማውን ያበላሸ ጫጫታ ይመስለዋል። አንዱንም እንዳይቆርጠው። እሱ እኔ ነኝ።

አጎትሽ አዝመራው